ስለዛ የላክልኝ ብርቱካናማ ቦይ

አካም ጂርታ ወንድሜ! ኧረ እንዴት ነህ ጃል፣ ተጠፋፋን እኮ፣ አንተ ወደዛ እኔ ወደዚህ ስንል ስንት ክረምት አለፈ። ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ አለን፣ ጅማም ዝናቧን እያወረደች ነው።

ስልኬ ሞልቶብኝ ፎቶ ሳጠፋ ያቺ ከአውስትራሊያ፣ ከትዊድ ወንዝ አካባቢ የላክልኝ መጣች፣ ሸንኮራ መሀል ያለው ቦይ፣ ውሃው ብርቱካናማ፣ ዳር ዳሩ ዝገት የመሰለ ዝቃጭ፣ ከስር ደሞ "የአፈር ሰው ነህ አይደል፣ ይሄ የፋብሪካ ቆሻሻ ነው?" ብለሃል። ፋብሪካ የለበትም፣ ከራሱ ከአፈሩ ነው። ያለህበት ሜዳ ባለፈው 10,000 ዓመት ባሕር እየገባበት ደለል የተከመረበት ነው፣ የባሕር ውሃ ሰልፌት የሚባል ድኝ ያለበት ጨው አለው፣ ደለሉ ብረት አለው፣ የማንግሮቭ፣ የዛ ባሕር ዳር ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ፣ ቅጠልና ሥር ደሞ ይበሰብሳል፣ እና አየር በሌለበት ባክቴሪያዎች ከዚህ ሁሉ ፒራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ይሠራሉ። ውሃ ውስጥ እስካለ ማንንም አይነካም። ሰው መጥቶ ሸንኮራ ልትከል ብሎ ቦይ ሲቆፍርና ውሃውን ሲያጠነፍፈው ግን አየር ይገባል፣ ፒራይቱ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፣ ያው የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ። ከ1 ቶን ፒራይት 1.6 ቶን ገደማ አሲድ ይወጣል፣ አትገረም፣ ኦክስጅኑና ውሃው ክብደት ይጨምሩበታል። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለት የአሲድነት መለኪያው፣ ሲያንስ አሲዱ የበረታ ነው፣ ከ4 በታች ይወርዳል፣ አንዳንዴ ከ3ም በታች።

ከዛ ዝናብ ሲመጣ አሲዱ ከአፈሩ ብረትና አሉሚኒየም ፈልቅቆ ወንዝ ይገባል። ብርቱካናማው ብረቱ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ አሉሚኒየሙ ነው፣ ጭቃውን አዝቅጦ ውሃውን ኩልል ያደርገዋል፣ ሰው ንጹሕ ነው ብሎ ይደሰታል፣ ዓሣው ግን መተንፈሻው ተደፍኖ ያልቃል። እዛው ያንተው ትዊድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1987 በ23 ኪሎሜትር ርዝመት ዓሣው ሙልጭ ብሎ አልቋል።

እዚህ አሲዳማ አፈር ስትል ሰው ወዲያው ኖራ ይልሃል። የኛ ግን ሌላ ነው፣ ቀዩን አፈር ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦበት ነው፣ ኖራ በደንብ ሲበተንበት ገበሬው በቆሎው ላይ ያየዋል። እዛ ፒራይቱ እስካላለቀ አሲዱ መውጣቱን አያቆምም፣ በኖራ ብቻ ልቻለው ካልክ ኪስህ ነው ቀድሞ የሚያልቀው። እዛው አውስትራሊያ ኬርንስ ከተማ ፊት ለፊት ኢስት ትሪኒቲ የሚባል ቦታ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሕሩን አግደው ሸንኮራ ሊያለሙበት ነበር፣ አፈሩ አሲድ ሆኖ ከሸፈ፣ ከ2000 በኋላ ኖራ እየጨመሩ የባሕሩን ውሃ ቀስ በቀስ መልሰው አስገቡበት። አሪፍ ነው የሠሩት፣ የባሕር ውሃ ራሱ አሲድ ያበርዳል፣ ሲተኛበት ደሞ አየር አያስገባም።

ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ ታናሽህ ነው። እዚህ ጅማ ከቦዬ ረግረግ ወዲህ ያለችውን የአባባን ጨፌ አጠንፍፎ በቆሎ ሊዘራ፣ ዳሩን ባሕር ዛፍ ሊተክል ነው። እንደ ትዊድ ትሆናለች ብዬ አላስፈራራውም፣ የጅማ መሬት ፒራይት የሚሠራ የባሕር ደለል የለበትም። ግን ጨፌ ሲደርቅ ጥቁሩ ብስባሽ አየር እያገኘው ያልቃል፣ መሬቱ ይሰምጣል፣ መጀመሪያ ላይ ምርጥ በቆሎ ሰጥቶ ያታልልሃል ከዛ ይደክማል፣ ውሃውም ይርቃል። አዌቱ ወንዝ ከከተማ የሚያወርደውን ቆሻሻ ደሞ የሚያጣራው ያ ረግረግ ነው እኮ፣ እሱ ከሌለ ቆሻሻው ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ነው የሚወርደው። ለቡናው ቄጠማስ ከየት ሊመጣ ነው?

እኔን "አንተ ደሞ ሁሌ አፈር አፈር" ብሎ ስቆብኛል። አንተ ታላቁ ነህ ይሰማሃል፣ ደውልለት። ዳሯን ይረስ፣ ምንም አልልም፣ መሀሏን ግን ቦይ እንዳያስገባባት። ቆፋሪዎቹን ከጥር በፊት አስገባለሁ እያለ ነውና አታቆየው።