«ስንተኛ ወጣሽ?» ላሉኝ አባቴ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም አባባ። እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኛ አልሃምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርታቸው ላይ ናቸው። «አያታችን መቼ ነው የሚመጡት?» እያሉ ይነዘንዙኛል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት እሁድ ዕለት ከደሴው ሩጫ በኋላ በስልክ ለጠየቁኝ ጥያቄ ነው። «ስንተኛ ወጣሽ?» አሉኝ። «ከኋላ ነበርኩ አባባ፣ ግን ጨርሻለሁ» አልኩዎት። ዝም አሉ። ቆይተው «አብሽሪ፣ በሚቀጥለው ይቀናሻል» አሉኝ። አባባ፣ እኔ እኮ አልከፋኝም ነበር። እንዲያውም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የማውቀው ስንቴ ነው? በስልክ ደግሞ አንዱ ቃል ሲሰማ ሌላው ይጠፋል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ነው። የወንድሜ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

ጥያቄዎ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኛ ቤት ሩጫ ማለት ወርቅ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ ሬዲዮኑን ጆሮዎ ላይ ለጥፈው እንደነበር እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ትነግረን ነበር። በ1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶኑን ስታሸንፍ ደግሞ ራሴ አስታውሳለሁ። ሁለተኛዋን በሁለት ደቂቃ ቀድማ ነው የገባችው። ከአፍሪካ ሴቶች የኦሎምፒክ ማራቶን በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ናት። ስሟን እንደ ዘመድ ስም ነበር የሚጠሩት። ከዚያ የሲድኒ ኦሎምፒክ መጣ። ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ኃይሌና ኬንያዊው ቴርጋት ጎን ለጎን ሲመጡ እርስዎ ተነስተው ቆሙ። ኃይሌ በሰከንድ 9 መቶኛ ቀደመ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

እንዲህ ያደገ ሰው ሩጫ ሲባል የሚታየው አንደኛ የወጣው ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አገራችን በሩጫ ዓለም ያወቃት አገር ናት። ለጤናው ብሎ በየመንገዱ ሶምሶማ የሚሮጥ ተራ ሰው ግን ብዙ አናይም። ያየነው እንደሆነም «የየትኛው ክለብ ነህ?» ነው ጥያቄያችን። እኔን ይህ ያሳዝነኛል። ሩጫን ለጀግኖቹ ብቻ ትተን እኛ ተመልካች ሆነን ቀረን።

ይህን የተረዳ አንዱ ራሱ ኃይሌ ይመስለኛል። በ1994 ዓ.ም. ህዳር ላይ በአዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲጀመር አንደኛ የወጣው እሱ ነው። ከኋላው ግን ሺዎች ነበሩ። ዛሬ በዚያ 10 ኪሎ ሜትር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይወጣል። እየዘፈነና እየጨፈረ የሚሮጥ አለ፣ ከነልጁ የሚራመድ አለ። አብዛኛው «ስንተኛ ወጣሁ?» ብሎ አይጠይቅም። እኛ ደሴ የሮጥነውም እንደዚያ ያለ ነው፣ ትንሽ ነው እንጂ። ርቀቱ ያው 10 ኪሎ ሜትር ነው።

ለምን እንደጀመርኩት ልንገርዎት። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ነው የምውለው። ሦስተኛ ፎቅ እስክደርስ ልቤ አፌ ላይ ትመጣ ነበር። የስኳሩና የግፊቱ ነገር በቤታችን እንዳለ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቁታል። እናቴን ያጣናት በዚሁ ነው። ልጆቼን ሳይ ፈራሁ።

አብራኝ ከምትሠራ ጓደኛዬ ጋር ከሱብሒ በኋላ መውጣት ጀመርን። የጠዋቷን ደሴ ያውቋታል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል፣ ብርዱ ጣት ይቆረጥማል። ውሾቹም ስላሉ ለብቻ አይወጣም።

አባባ፣ ብዙ ሰው ሩጫን በመጀመሪያው ሳምንት የሚተወው ፈጥኖ ስለሚነሳ ነው። በተለይ እዚህ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው። ጀማሪ ሰው ትንሽ ሮጦ ትንፋሹ ቁርጥ ሲል «እኔ አልተፈጠርኩለትም» ይላል። እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። ጥቂት ሶምሶማ፣ ጥቂት እርምጃ፣ እንደገና ሶምሶማ። ሳምንት በሳምንት ሶምሶማው እየረዘመ፣ እርምጃው እያጠረ ሄደ። ፍጥነታችንን የምንለካው በወሬ ነበር። እያወራን መሮጥ ከቻልን ልክ ነን። ወሬው ከተቋረጠ ፈጥነናል ማለት ነው፣ ቀስ እንላለን። በየቀኑም አንወጣም። ጡንቻና መገጣጠሚያ የሚጠነክሩት በእረፍቱ ጊዜ ነው። አንዴ ኮምቦልቻ ለሥራ ወርጄ እዚያ ሞከርኩት። ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ትንፋሹ ቀለለኝ፣ ሙቀቱ ግን አደከመኝ።

ስለ አለባበሴ እንዳያስቡ። ሰፊ ሱሪና እስከ ጉልበቴ የሚደርስ እጅጌው ረዥም ቲሸርት ነው የምለብሰው። ሻርፔ ቀላልና ቶሎ የሚደርቅ ነው፣ ምክንያቱም ጥጡ ላብ ሲጠጣ አንገት ላይ ይከብዳል። መንገድ ላይ ልጆቹ «ደራርቱ! ደራርቱ!» ይሉናል። ትልልቆቹ «አብሽሪ ልጄ» ይሉኛል። ክፉ የተናገረኝ ሰው የለም።

የውድድሩ ጠዋት ዳቦ በማርና ሻይ ቀማምሼ ወጣሁ። ቲሸርቱንና ቁጥሩን ቀደም ብለን ወስደን ነበር። ቁጥሩን ደረቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያሰረችልኝ ትልቋ ልጄ ናት። ጫማዬ አሮጌው፣ እግሬ የለመደው ነው። ፒያሳ ስንደርስ ሕዝቡ ሞልቷል። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ነርሷ፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ የልጅ ልጁን እጅ የያዘ ሽማግሌ። ከፊት የክለብ ሯጮች ናቸው፣ ከነሱ ኋላ እኛ። አባባ፣ ከእነዚያ ሯጮች ጋር በአንድ መነሻ መስመር መቆም ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ እንዴት ልንገርዎት! ኳስ የሚወድ ሰው ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ሜዳ አይገባም። በሩጫ ግን ይቻላል።

ፊሽካው ሲነፋ ሕዝቡ ነጎደ። መንገዱ ሲጀመር ቁልቁለት ነው፣ ሁሉም በረረ። ጓደኛዬ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ወሬ! ወሬ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። እያወራን፣ እርምጃችንን አሳጥረን ወረድን። ቁልቁለት ላይ ረዥም እርምጃ ጉልበት ይመታል። ግማሽ ሳንደርስ መጀመሪያ የበረሩት ጎናቸውን ይዘው ሲራመዱ አገኘናቸው። መዞሪያው ላይ ውሃ ይሰጣል። ሁለት ሦስት ጉንጭ ይበቃል።

ከዚያ ዳገቱ መጣ። በኮምቦልቻ መውጫ በኩል ስለነበር መንገዱን ያውቁታል።

ያ መንገድ ነው አባባ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጆቼን ይዤ የወጣሁበት። ያኔም በእግር ነበር። ትንሿን አዝዬ፣ ትልቋን እየጎተትኩ። ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎርፋል፣ ማን የማን እንደሆነ አይታወቅም። እርስዎ ቤቴን አልለቅም ብለው ሐይቅ ከተማ ቀርተው ነበር፣ ድምፅዎን ሳልሰማ ስንት ሌሊት አደርኩ። ከዚያ ወዲህ በመኪና እንኳ ሳልፍበት ሆዴን ባር ባር ይለዋል። እሁድ ግን በዚያው አስፋልት ላይ ፊቴን ወደ ከተማዋ አዙሬ፣ ማንም ሳያባርረኝ፣ በገዛ ፈቃዴ ሮጥኩ። እናቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ በር በራቸው ላይ ቆመው «አብሽሩ! ደርሳችኋል!» ይሉናል። አለቀስኩ። ጓደኛዬም አየችኝና አለቀሰች። ምንም አልተባባልንም፣ ሮጥን።

ዳገቱ በጣም ሲብስ ተራመድኩ። እዚያ ላይ ፈጠን ያለ እርምጃና የደከመ ሶምሶማ ፍጥነታቸው ብዙም አይለያይም፣ ትንፋሽ ግን ይተርፋል። ፒያሳ ስቃረብ እንደገና ሶምሶማ ጀመርኩ። መጨረሻው ጋ በእርስዎ ዕድሜ የሚሆኑ አንድ አባት በምርኩዛቸው ተደግፈው እያንዳንዳችንን እያዩ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ይላሉ። እርስዎ በነበሩ ብዬ ተመኘሁ።

ስገባ ሰዓቱ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አልፎ ነበር። ምርጦቹ ይህን ርቀት በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨርሱታል። ስደርስ ሽልማታቸውን ወስደው ነበር። ለጨረሰ ሁሉ የሚሰጠው ሜዳሊያ ለእኔም ደረሰኝ። ልጆቹ ተራ በተራ እያጠለቁት ነው።

ስንተኛ እንደወጣሁ አላውቅም አባባ። ደረጃው የሚጻፍላቸው ከፊት የገቡት ናቸው። የማውቀው ሰኞ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ትንፋሼ ሳይቆራረጥ ሰላምታ መስጠቴን ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ሲደውሉ «ጨረስሽ?» ብለው ይጠይቁኝ። ቀጥለውም «እግርሽስ እንዴት ነው?» ይበሉኝ። ልቤ በዚህ ይሞላል።

እርስዎንም አለቅዎትም። ሐኪሙ በየቀኑ ይራመዱ ብሎዎት የለ? ከዐሱር በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ከወንድሜ ልጅ ጋር ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ ወጣ ይበሉ። ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ጉልበትዎ ሲያምዎት ይመለሱ፣ በማግስቱ ደግሞ ይውጡ። ለሚቀጥለው የደሴ ሩጫ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ፒያሳ ወንበር ይዘጋጅልዎታል።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርዎት። ለህዳሩ የአዲስ አበባ ሩጫ እኔና ጓደኛዬ ልንመዘገብ ነው። ቲሸርቱ ቶሎ ስለሚያልቅ መቆየት አንችልም። 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተጉዞ በማግስቱ መሮጥ ስለማይሆን ሁለት ቀን ቀድመን ነው የምንገባው። የምናርፈው አጎቴ ቤት ቢሆን ደስ ይለኛል። እኔ ስደውልለት «ምን ሊጠቅምሽ ነው?» ብሎ ይሟገተኛል፣ እርስዎ ከነገሩት ግን እሺ ነው የሚለው። እባክዎ በዚህ ሳምንት ይደውሉለት። ሁለት ሴቶች እንደሆንን፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እንደምንነሳም ይንገሩልኝ።

ዱዓዎ አይለየኝ።

የምትወድዎ ልጅዎ
ከደሴ