የአንጋፋዎቹ ጃም ናይት ጉዱማሌ ይሁን

ሀዋሳ ላይ አንጋፋ ሙዚቀኞች ሮክ ኤንድ ሮል ስለሚጫወቱበት የእርዳታ ጃም ናይት (ሙዚቀኞች ተሰባስበው አብረው እንደመጣላቸው የሚጫወቱበት ምሽት) ያወጣችሁትን አንብቤ ነው የምጽፈው። ሀሳቡን በጣም ወድጄዋለሁ ግን ማታ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ መሆኑ ልክ አይመስለኝም፣ ገንዘቡ የሚሰበሰበው ለኩላሊት ታካሚዎች ነው፣ እጥበት ደግሞ ብዙ ጊዜ በሳምንት 2 ወይ 3 ቀን ስለሆነ ለአዳራሽ ኪራይ የሚወጣው ብር ሁሉ ከነሱ ላይ ነው የሚቀነሰው። ደሞ አንጋፋዎቹ ሙዚቀኞች በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊ የተነሳ የክለቡ በር ተዘግቶ እስኪነጋ ሲጫወቱ የኖረው ትውልድ ናቸው፣ ዛሬ በኪቦርድ ብቻ የሚሰሩት ልጆች ጊታርና ድራም ላይቭ ሲመታ ቢያዩ ስንት ይማራሉ፣ የሆቴል ቲኬት ግን አይችሉም። ስለዚህ እሁድ ከሰዓት እዛው ሀዋሳ ጉዱማሌ መናፈሻ ይደረግ፣ መግቢያው በቴሌብር ይከፈል፣ ተማሪ በግማሽ ዋጋ ይግባ፣ የተሰበሰበውንም ብር አዘጋጆቹ በሳምንቱ እናንተ ጋር ያሳውቁ።