ዝነኛ ኮርነርባክ መግዛት ኮማንደርስን አያድነውም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። በስፖርት ገጻችሁ በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ስለሚጫወተው ዋሽንግተን ኮማንደርስ ዲፌንስ (የመከላከል ክፍል) የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። እዚህ ዲሲ አካባቢ ያለን ሐበሾች ከፕሪሚየር ሊግ ቀጥሎ የምንነታረክበት ጉዳይ ነውና በአማርኛ መጻፋችሁ ደስ ይላል። መፍትሔያችሁ ላይ ግን አልስማማም። ስም ያለው ኮርነርባክ (የኳስ ተቀባዮችን እየተከታተለ የሚይዝ ተከላካይ) ይግዙና በአየር የሚመጣው ኳስ ይቆማል ብላችኋል። ይሄማ ተሞክሯል!

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ኮርነርባኩን ማርሾን ላቲሞርን ከኒው ኦርሊንስ ያመጡት የሦስተኛ፣ የአራተኛና የስድስተኛ ዙር የድራፍት ምርጫ (ከኮሌጅ የሚመጡ ወጣቶችን የመምረጥ ተራ) ሰጥተው ነው። ሰውዬው የታፋ ጡንቻ ጉዳቱን ይዞ መጣ። በዚያ ዓመት ከመደበኛው ሲዝን የተጫወተላቸው 2 ጨዋታ ብቻ ነው።

ወደ 2023 እንመለስ። በ17 ጨዋታ 518 ነጥብ ገባባቸው፤ ከ32ቱ ቡድኖች መጨረሻ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዙር የመረጡት ኮርነርባክ ኢማኑኤል ፎርብስ በድራፍቱ ሰሞን ሲመዘን 75 ኪሎ ገደማ ነበር። ይሄን ልጅ ፊላደልፊያ ወስደው ከ100 ኪሎ በላይ ከሆነው ተቀባይ ኤ.ጄ. ብራውን ጋር አፋጠጡት። ብራውን 175 ያርድና 2 ተችዳውን (እንደ ጎል ያለ ነው) ይዞ ወጣ። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ 14 ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈው ቺካጎ ላንዶቨር ድረስ መጥቶ 40 ለ 20 ቀጣቸው፣ የቺካጎው ተቀባይ ዲ.ጄ. ሙር ብቻውን 230 ያርድ ሠራባቸው፣ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ጣቱን ፎርብስ ላይ ቀሰረ።

ልጁ ጥፋት የለበትም አልልም። ግን ኮርነርባክ ስንት ሰከንድ ሰው ይዞ ይቆይ? ተቀባዩ ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል፣ ተከላካዩ አያውቅም። ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው) እንደ ልቡ ቆሞ ካማተረ ማንም ኮርነርባክ ይሸነፋል። ከፊት ያሉት አራቱ ካላስጨነቁት አሠልጣኙ በብሊትዝ፣ ማለትም ከኋላ ተከላካይ ወደ ኳርተርባኩ በመላክ፣ ሰው ይጨምራል፣ ያኔ ከኋላ ሰው ይጎድላል። ኮማንደርስ ደግሞ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 31 ሞንቴዝ ስዌትንና ቼስ ያንግን፣ ሁለቱን ዋና ፓስ ራሸሮቻቸውን (ከፊት ሆነው ኳርተርባኩን የሚያሳድዱትን)፣ በአንድ ቀን ሸኟቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ።

አሁን ስለ ፊላደልፊያው ቡድን ስለ ኢግልስ ልጻፍ (የዋሽንግተን ደጋፊ ሆኖ እነሱን ማመስገን እንዴት እንደሚያንቅ እኔ ነኝ የማውቀው)። በ2023 10 ጨዋታ አሸንፈው በ1 ብቻ ተሸንፈው ጀመሩ፣ ከዚያ ተንኮታኮቱ። ዲሴምበር ላይ የዲፌንሱን ጥሪ (በየኳሱ ስልት የመምረጡን ሥራ) ከአንዱ አሠልጣኝ ቀምተው ለሌላው ሰጡ፤ ባሰ። ታምፓ ላይ 32 ለ 9 ተሸንፈው ገቡ። ክረምቱን ጣት ሲቀስሩ አላሳለፉም። ሁለት ሴፍቲ (የመጨረሻ ተከላካይ) ከኋላ አስቀምጦ ብሊትዝ የሚቆጥበውን የዲፌንስ አሠልጣኝ ቪክ ፋንጂዮን ቀጠሩ። በድራፍቱ ኮርነርባኮቹን ኩዊኒዮን ሚቸልንና ኩፐር ዲጂንን አከታትለው ወሰዱ። ኒው ኦርሊንስ ብዙም ያልተጠቀመበትን ዛክ ባውንን በ3.5 ሚሊዮን ዶላር አመጡ፣ በኤንኤፍኤል መለኪያ ሳንቲም ነው፣ እሱም በዓመቱ ከሊጉ ምርጥ ላይንባከሮች (ከፊት መስመሩ ጀርባ የሚቆሙ ተከላካዮች) አንዱ ሆኖ አረፈው። ዲጂን እንኳ ወዲያው አልገባም። ከአራት ጨዋታ በኋላ ነው የውስጡን ተቀባይ እንዲይዝ ያስገቡት፣ ያኔ ዲፌንሱ ሌላ ሆነ። የ2024 ሲዝን ሲያልቅ ከሊጉ ሁሉ ያነሰ የፓስ ያርድ የሰጠው ኢግልስ ነበር።

የዚያን ሲዝን ሱፐር ቦውል (የፍጻሜውን ጨዋታ) ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ፋንጂዮ አንድም ብሊትዝ አልላከም። አራቱ የፊት ሰዎች ብቻቸውን የካንሳስ ሲቲውን ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስን መድረሻ አሳጡት፣ 6 ጊዜ ሳክ ተደረገ (ኳሱን ሳይወረውር ተጣለ)። አንዴ ወደ ቀኝ ሲሸሽ የወረወራትን ኳስ ዲጂን መንገድ ላይ ቀልቦ 38 ያርድ ሮጦ አስገባት። ያን ቀን ልደቱ ነው፣ 22 ዓመት ሞላው። ያቺን ኳስ ዲጂን ያዛት እንጂ ያስወረወሯት ከፊት ያሉት ናቸው።

ስለዚህ ዋሽንግተን ገንዘቡን ከፊት ይጀምር። ኮርነርባካቸው ማይክ ሴንሪስቲልም ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እያለ የውስጥ ተከላካይ ነበር፣ በ2024 ሰው ሲጠፋ ወደ ዳር አወጡት። ዳሩ በጎደለ ቁጥር እሱን ከቦታው መንቀል ይብቃ። የላቲሞርን ዓይነት ንግድ ደግሞ ከዚህ በኋላ ባላይ ደስ ይለኛል፤ እነዚያ የድራፍት ምርጫዎች ሁለት ወጣት ፓስ ራሸር ለመሞከር ይበቁ ነበር።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ