እንዴት አገኘሽው ብለን እንጠይቃቸው

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ባለፈው ሳምንት ከ52 ላይ 27 ሲቀነስ 35 ብላ ጻፈች። ደብተሯ ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጎበታል፤ ለምን እንደተሳሳተች ግን የጠየቃት የለም። እኔ ስጠይቃት «ከ2 ላይ 7 አይቀነስም፤ ስለዚህ ከ7 ላይ 2 ቀነስኩ» አለችኝ። ልጅቷ እኮ አስባለች! ያልገባት 52 ማለት አምስት አሥርና ሁለት አንድ መሆኑ ነው።

የክብሪት እንጨት አሥር አሥሩን በክር አሰርንና አምስት እስር ከሁለት ነጠላ ጋር አስቀመጥኩላት። ሰባት ለማንሳት ሁለቱ አልበቃ ሲሏት ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ አንዱን እስር ራሷ ፈታችው። አሥራ ሁለት ነጠላ ሆነላት፤ ሰባቱን አነሳች፣ ሁለት እስር ጨምራ አነሳች። 25! «መበደር» የሚሉት ነገር ያን ጊዜ ገባት።

ገበጣ የሚጫወት ልጅም ጠጠር ሲዘራ ሳይታወቀው ያሰላል። የማባዛት ሠንጠረዥን በቃል መያዝ አልቃወምም፤ እኔም የተማርኩት እንዲሁ ነው። ነገር ግን 7 ጊዜ 8 የጠፋበት ልጅ፣ 7 ጊዜ 7 49 ነው ብሎ 7 መጨመር ካቃተው የያዘው ዜማውን ብቻ ነው።

መምህራን በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደምትይዙ አውቃለሁ። ቢሆንም ኤክሱ ከመደረጉ በፊት በቀን ሁለት ልጅ እንኳ «እንዴት አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁልን።

አንድ ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ