ስለ ዓይን ግፊት ምርመራው ዋጋና ስለ ቀለም ሌንሱ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በራችን ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁን ቅር እንዳሰኘ ሰምቻለሁ። የሚለው ሁለት ነገር ነው። በዓይን ግፊት ምርመራ ላይ 250 ብር ጨምረናል። ቀለም ያለውን ኮንታክት ሌንስ ዓይን ላይ አድርጎ እየሞከሩ መምረጥም ቀርቷል። ድንገት ስለሆነባችሁ ይቅርታ። ውሳኔው ግን እንዳለ ይቀጥላል፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አስቀድሜ ወሬውን ላስተካክል። እዚህ ቤት የእብድ ላም በሽታ የያዘው ሰው አልመጣም። ማስታወቂያው ላይ «ፕሪዮን» የሚል ቃል ነበረበት፤ የእብድ ላም በሽታንም የሚያመጣው እሱ ስለሆነ ወሬው አጂፕ ሰፈር ሲደርስ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ጎረቤታችን ባለ ልኳንዳው እንኳ «ገበያዬን ልትዘጉብኝ ነው?» ብሎ መጣ። አልፈረድኩበትም።

ፕሪዮን ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም። ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው። እርሾ ሊጡን እንደሚለውጠው፣ ይሄም ጤነኛውን ፕሮቲን ወደ ራሱ ቅርጽ ያመጣዋል። አንጎልን ይጎዳል፤ የሚያድን መድኃኒትም አልተገኘለትም። በሰው ላይ በብዛት የሚታየው ክሮይትስፌልት ያኮብ የሚባለው በሽታ ነው። እሱም ቢሆን በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢይዝ ነው። አብዛኛው ደግሞ ከሥጋ ጋር አይገናኝም፤ ባልታወቀ ምክንያት የሚነሳ ነው። ከሰው ወደ ሰው በሕክምና ከተላለፈ ግን ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ከዓይን ጋር ምን አገናኘው? እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ከሟች የተወሰደ ኮርኒያ (የዓይን የፊት ጥርት ያለ ሽፋን) የተተከለላት ሴት በዚሁ በሽታ መያዟ ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ በበሽታው የሞቱ 11 ሰዎችን ዓይን መርምሮ ፕሪዮኑን በሁሉም ላይ አግኝቷል፤ በተለይ ሬቲና በሚባለው፣ ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን ላይ። እንግሊዞች ቀደም ብለው ነው የተጠነቀቁት። እ.ኤ.አ. በ1999 የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪያቸው የዓይንን ገጽ የሚነካ የሙከራ ሌንስና የግፊት መለኪያ ጫፍ በተቻለ መጠን ለአንድ ሰው ብቻ እንዲውል መከረ።

በግፊት መለኪያ ወይም በሙከራ ሌንስ በሽታው እንደተላለፈበት የታወቀ ሰው የለም። ይሄንን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም። «ታዲያ ለምን ታስከፍለናለህ?» ያሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔ መልስ እጥበቱ ላይ ነው ያለው። ግፊት ስንለካ ማደንዘዣ እናንጠባጥባለን፤ ከዚያ የመሣሪያው ጫፍ ዓይናችሁን ይነካል። ያንን ጫፍ በአልኮል መጥረግ የተለመደ ነው። ፕሪዮንን ግን አልኮልም የፈላ ውኃም አያጠፋውም። የሚመከረው በሚሊዮን 20,000 እጅ ክሎሪን ያለው ብርቱ በረኪና ውስጥ አንድ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ወይም በ134 ዲግሪ እንፋሎት 18 ደቂቃ ማቆየት ነው። ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ እንዲህ ብናደርግ ጫፉ ቶሎ ይበላሻል፤ እናንተም ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ይመሻል። ሌላም አለ። ዓይን አቅልቶ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያዳርሰው ቫይረስም በአልኮል መጥረግ ብቻ ሁልጊዜ አይሞትም። እሱ ደግሞ ሩቅ አገር ያለ ስጋት አይደለም፤ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ጫፉን አንድ ሰው ከተጠቀመበት በኋላ እንጥለዋለን። አለቀ።

ጫፉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ፍሬሙም፣ ሌንሱም፣ ጠብታውም የት እንደደረሰ ለናንተ አልነግራችሁም፤ እናንተም ዘይት ትገዛላችሁ። 250 ብሩ የጫፉን ዋጋ እንኳ በሙሉ አይሸፍንም። ቀሪውን ቤቱ ይችለዋል።

«ገንዘብ ለመዱ» የተባለው ግን አሞኛል። ሄርማታ ላይ ፍሬም በጠረጴዛ ዘርግቼ ስጀምር የምታውቁኝ አላችሁ። ከአጋሮና ከሊሙ መጥታችሁ «ቡና ሲደርስ እከፍላለሁ» ስትሉኝ መነጽሩን ይዤ አላስቀረሁም። ወስዳችሁ ሄዳችኋል፤ ቡናውም ሲደርስ ከፍላችኋል። ይሄ ቤት በዚያ ነው የቆመው። ዛሬ የልጆቻችሁን ልጆች ዓይን የማየው በዚያ እምነት ነው። ስለዚህ የአንዱን ዓይን የነካ ነገር ለሌላው ላቀርብ አልችልም፤ ሃጂም ይሁኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

ሙሽሮች፣ የእናንተም ቅሬታ ገብቶኛል። ያልሞከሩትን ሌንስ መግዛት ያሳስባል፤ የሠርግ ፎቶ ነገር ነው። ቀለሞቹን በፎቶ እናሳያችኋለን፤ የዓይናችሁን ልክ ወስደን ያልተከፈተ አዲስ ጥንድ እናዝዛለን። ከተከፈተ በኋላ ግን አንመልስም። ለእህቶቻችሁና ለሚዜዎቻችሁም አታውሱት፣ አደራ።

ለመነጽር ብቻ የምትመጡ ምንም አልተለወጠባችሁም። ሰሌዳ ስታነቡና መስታወት ስንቀያይርላችሁ ዓይናችሁን የሚነካ ነገር የለም፤ ዋጋውም የድሮው ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆናችሁ ግን በ250 ብር አኩርፋችሁ የግፊት ምርመራውን አትተዉት። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ብዙ ጊዜ ሳያምም ነው ብርሃን የሚወስደው። አሁን መክፈል የሚከብደው ሰው በጆሮዬ ይንገረኝ፣ እንደ ቡናው ጊዜ እንነጋገራለን።

ከማስታወቂያው በፊት ቀጠሮ የያዛችሁ በድሮው ዋጋ ትስተናገዳላችሁ። የቀጠሮ ወረቀታችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመነጽር ቤቱ ባለቤት
ጅማ