የባልትና ክበብ በ2017 ዓ.ም፦ ከሰንዳፋ ያመጣነው እርሾ

«ምግብ መሥራት ደግሞ ምን ክበብ ያስፈልገዋል? ቤታቸው ይማሩት የለ?» ይህን በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። መምህራን ማረፊያ ክፍልም ሰምቼዋለሁ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይም። መልሴን እዚሁ ልጻፈው። ቤታቸው አይማሩትም። እናት በጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው፣ ዳቦው ከሱቅ ነው የሚመጣው፣ ወንድ ልጅ ከሆነ ደግሞ ማድቤት ብቅ ሲል «ውጣ» ነው የሚባለው። ከአባሎቻችን አንድ ሦስተኛው ያህል ወንዶች መሆናቸውን ስናገር ሰው ይገረማል። እኔ በጣም ነው የምኮራው።

የምንገናኘው ዓርብ ከሰዓት፣ ከጁምዓ በኋላ ነው። ምዝገባው፣ የኮሚቴ ምርጫው፣ የእጅ መታጠብና የቢላ አያያዝ ትምህርቱ እንደ ሌሎቹ ክበባት ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ጥቅምት ላይ የመጀመሪያው ዳቦ ድንጋይ ሆኖ ወጣ። ውሃው ከመጠን በላይ ሞቆ እርሾውን ገደለው። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ከተጠጋ ይሞታል። ከዚያ ወዲህ ጣት የሚያቃጥል ውሃ ሊጥ ውስጥ አይገባም ብለናል። ሁለት ዓርብ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሊጡ ኮመጠጠ። ይሄው ነው ውድቀታችን፣ አልደብቅም። በታኅሣሥ ልጆቹ ያለ ኦቭን፣ በወፍራም ድስት ዳቦ መጋገር ቻሉ። አንድ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሦስት ብርጭቆ ገደማ ለብ ያለ ውሃ። ኩፍ እስኪል ጠብቆ፣ በዘይት የተቀባ ድስት ውስጥ አድርጎ፣ ከድኖ፣ በቀስታ እሳት። አንዱ ጎን ሲበስል ይገለበጣል። ሆዱን መታ መታ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ደርሷል።

የበጋው ሙቀት ሲመጣ ወደ ቀዝቃዛ መቆያዎች ዞርን። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፣ እና ለክበባችን ትልቅ ዕድል ሆነ። አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍትና ቡቱቻ ሠራን። ረመዳን የያዙት ልጆች አይቀምሱም፣ ግን ከሁሉም በላይ ይሠራሉ፤ የምስር ሳምቡሳውን አጥፎ መዝጋት ያስተማሩን እነሱ ናቸው፣ የራሳቸውን ድርሻም ለማፍጠሪያ ቋጥረው ይሄዳሉ። ለአዚፋው ድፍን ምስር ስንቀቅል አንዷ የ7ኛ ክፍል ተማሪ «መመሪያው ላይ ከተጻፈው ሰዓት በላይ ለምን ቆየ?» አለች። የፊዚክስ መምህራችንን ጠራናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ለዚያ ነው ምስሩ የዘገየው አሏቸው። ይሄ ትምህርት ካልሆነ ትምህርት ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም።

አሁን ወደ ሰንዳፋው ጉዞ ልምጣ። የአንዷ አባላችን አያት ድፎ ዳቦ ሲደፉ ልናይ ሚያዝያ ላይ ሄድን። እማማ ሚዛን የላቸውም። በእፍኝና በጣሳ ነው የሚሰፍሩት፣ እርሾውም ካለፈው ሊጥ ያስቀሩት ነው። ቡሃቃው ቀርቦ «ማን ያቡካ?» ሲሉ አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ እጁን ታጥቦ ቀረበ። ዝም ያለ ልጅ ነው፣ ክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። እማማ አዩትና «ወንድ ልጅ ሊጥ ውስጥ?» አሉ። እሱ ምንም ሳይመልስ ማሸት ጀመረ። ትንሽ ቆይተው አጠገቡ ተቀመጡና «በጣትህ አይደለም ልጄ፣ በመዳፍህ ግፋው» እያሉ ያሳዩት ጀመር። የኮባውን ቅጠል እሳት ላይ ለብለብ አድርገው ምጣዱ ላይ አነጠፉ፣ ሊጡን ገለበጡበት፣ በቅጠል ሸፈኑት፣ ብረት ምጣድ ደፍተውበት ከላይም ፍም አደረጉ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ዳቦው ወጥቶ ሲቀርብ፣ እኛ እሳቸው ባርከው ይቆርሳሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ቢላውን ለልጁ ሰጡት። «ያቦካው ይቁረስ» አሉ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ቆረሰ፣ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእሳቸው ሰጠ። እኔ ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ሲመለስ ዳቦ ይዞ አልነበረም። በክዳን ኩባያ እርሾ ለምኖ ነበር የመጣው። በወላጆች ቀን የቀመሳችሁት ድፎ የተቦካው በዚያ እርሾ ነው።

አሁን ስለ ገንዘብ። ለክበቡ ዓመቱን ሙሉ የተመደበ አንድ ብር የለም። ዱቄቱም ዘይቱም ከልጆቹና ከእኔ ኪስ ነው፣ ማድቤቱን ያዋሱን የምገባ እናቶቻችን ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። ለኳስ ቡድናችን አዲስ ማልያ መገዛቱ ደስ ብሎኛል፣ ይገባቸዋል። ለእኛም ግን አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አንድ ሚዛንና ሰፋ ያለ ቡሃቃ ያስፈልገናል። ዳቦ ቤት ያላችሁ ወላጆች፣ አንድ ዓርብ ልጆቹን ብታስጎበኙልን እንዲሁ ትልቅ እርዳታ ነው። የቀድሞ ተማሪዎቻችንም እጃችሁን ዘርጉልን።

ልጁ ሚኒስትሪ ተፈትኖ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊሄድ ነው። እርሾውን ለሁለት ከፍለነዋል። ግማሹ እሱ ጋ ነው፤ ግማሹ ክረምቱን እኔ ቤት ይቆያል፣ በየሳምንቱ ዱቄትና ውሃ እየሰጠሁት መስከረም ላይ ይዤው እመጣለሁ።