ለጀማሪ ልጅ በፓይተን ጀምሩለት

ሰላም አዘጋጅ፣ የምጽፈው ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው። የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ፕሮግራሚንግ፣ ማለትም ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ፣ ልማር ብሎ ተመዘገበ፣ በመጀመሪያው ቀን ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጀመሩለት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ የጎደለች ሴሚኮለን (;) ሲፈልግ ከርሞ "አጎቴ፣ ይሄ ነገር ለኔ አይሆንም" ብሎኝ ተወው። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ልጁ ጎበዝ ነው።

ከዛ እኔው ቤት ውስጥ ፓይተን በሚባል ሌላ ቋንቋ አስጀመርኩት። በነፃ ይወርዳል፣ አንድ መስመር ጽፈህ ወዲያው ውጤቱን ታያለህ። ደሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፣ ፓይተን 3 ላይ የቫሪያብል (ቁጥር ወይም ሌላ ነገር የምናስቀምጥበት) ስም በራሳችን ፊደል መስጠት ይቻላል፣ እና ልጁ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ እንዳለ ነጋዴ ዋጋ 40 ብዛት 3 ብሎ በአማርኛ ጻፈ፣ ሁለቱን አባዝቶ ፕሪንት ሲያደርገው ስክሪኑ ላይ 120 ወጣ፣ ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩት! ትእዛዞቹ እንደ ፕሪንትና ኢፍ ያሉት ግን በእንግሊዝኛ ናቸው፣ እሱን መልመድ ግድ ነው። መስመር ሲጀምር የሚተወው ክፍት ቦታም ከተዛባ ኤረር ያመጣል፣ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል።

ሲ ፕላስ ፕላስም ሆነ እሱ የተገኘበት ሲ የሚባለው ቋንቋ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ሲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው፣ የኮምፒውተር ሚሞሪ እንዴት እንደሚሰራ ያሳያል፣ ግን ልጁ ነገሩን ከወደደው በኋላ ይድረስበት። ዌብሳይት መስራት ለሚያምረው ደሞ ጃቫስክሪፕት የሚባል ቋንቋ አለ፣ ብራውዘር ካለ ይበቃዋል።

ወላጆች እባካችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት በየትኛው ቋንቋ እንደሚጀምሩላቸው ጠይቁ።